እናቴን ፀሐይ ላይ ያስቀመጥሽበት ቀን

ውድ ዘመናይ፣

ከቁይ ከተማ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጅማ እንዴት ያዘችሽ? እዚህ እኔም ባጃጄም ደህና ነን፤ ከሁሉም በላይ የእናቴ እግር ደህና ነው።

ሐኪሞች "ይቆረጥ" ያሉት እግር ነው እኮ! ቁስሉ ለኪኒኑም ለመርፌውም አልበገር ብሎ ተስፋ በቆረጥንበት ጊዜ ነው አንቺ ለምርምርሽ ወደ ጤና ጣቢያችን ያንን ሰማያዊ መድኃኒት ይዘሽ የመጣሽው። "ተህዋሲያኑ ቀለሙን ይጠጣሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው መድኃኒቱ ይነቃና ይገድላቸዋል" ስትዪኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አብረን ስንማር እንደለመድሽው የምታሾፊብኝ መስሎኝ ነበር።

እንደ ዕድል ሕክምናው በሚጀመርበት ዕለት መብራት ጠፋና የብርሃን መሣሪያሽ አልሠራ አለ። አንቺም "ፀሐይ አለች አይደል?" ብለሽ እናቴን ጤና ጣቢያው ደጅ አስቀመጥሻት። ቁስሉን ቀብተሽ ዞር ከማለትሽ በነጠላዋ ጥቅልል አድርጋ ሸፈነችው።

"ምን ነካሽ ልጄ? የተከፈተ ቁስል ፀሐይ ላይ? ምች ይምታኝ?"

ያሳደገችን ቁስላችንን ከፀሐይ እየሸሸገች ነው፤ ምች ለእሷ ቀልድ አይደለም። እኔ ተናድጄ ልጮህባት ስል፣ አንቺ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሽ።

"የኔም እናት ምች ትፈራለች፣ እማማ ሥራነሽ። ግን ቀለሙን የጠጡት ተህዋሲያኑ ናቸው። ዛሬ ፀሐይዋ እነሱን ትምታልን።"

"አንቺስ አትፈሪም?"

"ከፈራንም አብረን ነዋ!" አልሽና ሻሽሽን ፈትተሽ በዚያ ጠራራ ከጎኗ ተቀመጥሽ። እናቴ ትንሽ አየችሽና ነጠላዋን በገዛ እጇ ገለጠችው።

ሰው ሁሉ ትምህርትሽን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ያንን አቀማመጥሽን ነው። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ ስትመላለሺ አንድም ቀን አልቸኮልሽባትም፤ ቁስሉም እየጠገገ ሄዶ ደረቀ። ስትሄጂ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼሽ ይህን ሁሉ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ስለ ባጃጅ ጎማ አወራሁልሽ። ወንድ ልጅ ተብዬ!

ሚያዝያ ሃያ ሦስት እናቴ ስለቷን ልታደርስ ዲማ ጊዮርጊስ ሄደች። "በባጃጅ ላድርስሽ" ብላት "እግር አለኝ!" ብላ ተቆጣችኝ። እዚያ ደርሳ ቄሱ እንዲጸልዩልሽ ብትለምን፣ የክርስትና ስምሽን ጠየቋት። አላወቀችውም።

"ታዲያ ማን ብዬ ልጥራት?" አሏት።

"ወለተ ብርሃን ይበሉልኝ።"

እባክሽ ትክክለኛውን ስም ላኪልን። እሷ ግን የምትቀይረው አይመስለኝም።

ሳይነግርሽ የቀረው ጓደኛሽ፣
ይታያል