የተባረረው ጭብጨባው ነው

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ወልደገብርኤል፣ ደምቢ ዶሎ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎስ እንዴት አደረገልዎ? ጉልበትዎ ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ያደርስዎታል ወይስ አሁንም በየወንበሩ እያረፉ ነው የሚሄዱት? ሳሉስ ለቀቀዎ? እማዬስ፣ እህቴ አሰገደችስ፣ ላሚቱስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ እንደምን ናችሁ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፣ ምግቡም ይስማማኛል፣ አልተባረርኩም፣ ነቀምቴም ሰላም ናት። መሃል ላይ የሸጎጥኳት ቃል እንዳታመልጥዎ ደግሜ እጽፋታለሁ፤ አልተባረርኩም! አሰገደች ይህን ስታነብልዎ እዚህ ላይ ቆም ትበልና እማዬን ከጓዳ ትጥራት። ቁጭ ትበል፣ ውሃም ትጠጣ፣ ከዚያ ንባቡ ይቀጥል። እርስዎ ግን እባክዎ እንዳያጨበጭቡላት፤ ምክንያቱን ኋላ ይደርሱበታል።

ወሬውን ያመጣላችሁ ሹፌሩ ባቻ መሆኑን ራሱ ነገረኝ። ትናንት ከአውቶቡሱ ሲወርድ ጠብቄ ያዝኩትና ምን ብለህ ነገርካቸው ስለው፣ «ሐረግወይን ዶክተሩን በሕዝብ ፊት አዋረደች፣ ስብሰባ ተጠራባት፣ አበቃላት አልኳቸው። አባትሽ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ እናትሽ አለቀሱ» አለኝ። ምን ያደርጉታል፣ ባቻ ጊምቢ ሲደርስ መኪናውን ያቆማል እንጂ ወሬውን አያቆምም። የሄደው በስብሰባው ዋዜማ ስለሆነ፣ አውቶቡሱም እዚያው ተበላሽቶ ስላከረመው፣ የወሬውን ራስ ይዞ ጅራቱን ትቶት ነው የመጣው። ጅራቱን እኔ ላድርስ።

ስሸኝ፣ «ያለ ምስክር ወረቀት ከተመለስሽ አጎትሽ ሱቅ ጨው ስትመዝኚ ትኖሪያለሽ» ያሉኝን አልረሳሁም። ስብሰባው እስኪደርስ ድረስ የአጎቴ ሚዛን ዓይኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የከረመው።

አባባ፣ የነርስ ትምህርት እርስዎ እንደሚያስቡት ነጭ ለብሶ መቆም ብቻ አይደለም። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ለክፍሉ በሙሉ አንድ። ተራ ይዘን ነው የምናነበው፣ የእኔ ተራ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ያልዘለለው እንግሊዝኛዬ ስለ ጉበት ሲነገረው ስለ ሳንባ ይመስለዋል። መርፌ መውጋት የተማርነው ብርቱካን እየወጋን ነው። ውሃ እንወጋውና ትምህርቱ ሲያልቅ ተካፍለን እንበላዋለን። ደራርቱ የምትባል አጭር የአርጆ ልጅ አለች፣ ጨለለቂ ሰፈር ባለው ማደሪያችን አልጋችን ጎን ለጎን ነው፤ «እኛኮ ያልተከተብነው በሽታ የለም፣ ሁሉንም በልተነዋል» ትላለች። ጓንቱ ታጥቦ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ዱቄት ተነስንሶበት እንደገና ይለበሳል። ይህ ሁሉ አላስመረረንም፤ ከጓደኛ ጋር ሲሆን ይሳቅበታል። ያስመረረን ጭብጨባው ነበር።

የምንለማመድበት የሆስፒታል ክፍል ሐኪም ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ይባላሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ እጃቸው የተባረከ፣ ቤተ ዘመድ ተስፋ የቆረጠበትን ሰው በእግሩ የሚሸኙ ሐኪም ናቸው። ሀቁ ይነገር። ነገር ግን ነርስ ሲፈልጉ ስም አይጠሩም። ሻይ ቤት እንደገባ ሰው ሁለት እጃቸውን ጧ! ጧ! ያደርጋሉ። ያኔ ወይ ሁላችንም የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን፣ ወይ ደግሞ «ሌላዋ ትሄዳለች» ብለን ሁላችንም እንቀራለን። አስተማሪያችን ሲስተር የሺወርቅ እንኳ፣ እኔ ሳልወለድ ነርስ የነበሩት ሴትዮ፣ ሲጨበጨብ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። እኔ የእሳቸው መነሳት ነው አንጀቴን የሚበላው።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ክፍሉ በታማሚና በጠያቂ ጢም ብሎ ሳለ ተጨበጨበ። ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ሹክ አለኝ። ነጭ ፎጣ ክንዴ ላይ ጣል አደረግሁ፣ የቁስል ዕቃ የሚቀርብበትን ትሪ በአንድ መዳፌ ከፍ አደረግሁ፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ ፊታቸው ቆምኩና፣ «ምን ልታዘዝ ጌታዬ? ሻይ ነው ቡና? ትኩስ ዳቦም አለ» አልኳቸው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጠያቂው ሳቀ፣ ታማሚው ሳቀ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ከሲሬ የመጡት ኦቦ መገርሳ ናቸው። ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስፌቱ ገና አልደረቀም ነበር። እየሳቁ ሳለ «ያ ዋቅ! ስፌቴ!» ብለው ሆዳቸውን ያዙ። ፋሻው ላይ ደም ብቅ አለ። ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ዶክተሩ ኦቦ መገርሳን መልሰው ሰፏቸው፤ ዕቃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፣ መቀስ ሲሉኝ ጥጥ አቀብላለሁ። አባባ፣ እርስዎ ያውቁኛል፣ ቀልጄ ዱላ በልቻለሁ፣ ቀልጄ ከቤተ ክርስቲያን ተባርሬያለሁ። ቀልዴ ደም ሲያወጣ ግን ያን ቀን ገና አየሁ፤ ዳግመኛም አያሳየኝ። ዶክተሩ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ፣ «ይህች ልጅ ከዚህ ትምህርት ትውጣልኝ!» አሉ። ክሱን ሊጽፉ ብዕር አወጡና ጎናቸው ያሉትን ሲስተር የሺወርቅን «ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ዓመት ሙሉ ሲያጨበጭቡልኝ ኖረው!

ኋላ ሲስተር የሺወርቅ ለብቻዬ ጠሩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሳይቆጡ፣ «አሳቅሽ፣ ጥሩ። ቀልድ ግን ግማሽ ነገር ነው፤ ሰው ይስቅና ይረሳዋል። ሌላውን ግማሽ ስብሰባው ላይ ትናገሪያለሽ። ያለ ቀልድ!» አሉኝ። ያለ ቀልድ! ያኔ ጨው መመዘኑ ቀለለኝ።

ስብሰባው ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ሰብሳቢው የመድኃኒት ዕቃ ቤት ኃላፊው ጓድ ጃራ ናቸው። መፈክሩ ተባለ፣ ተቀመጥን፣ «ጓድ ሐረግወይን ግለ ሂሷን ታቅርብ» ተባለ። ጓድ ስባል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ጉንጬን ነክሼ ያዝኩት። መጀመሪያ ኦቦ መገርሳን ይቅርታ ጠየቅሁ። በትር ተደግፈው መጥተው ጥግ ተቀምጠው ነበር፣ «ይቅር ብያለሁ ልጄ፣ ብቻ እዚህም እንዳታስቂኝ» አሉኝ። ዶክተሩንም በታማሚ ፊት ስላሳፈርኳቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ሌላውን ግማሽ ጀመርኩ። «ጓዶች፣ ጭብጨባ ስም የለውም» አልኩ። «ባለፈው ዶክተር የአንዲት ወላድ ግሉኮስ ሊያልቅ መሆኑን አይተው ሲያጨበጭቡ፣ ሁላችንም ለሌላዋ ነው ብለን ቀረን። ደሙ በቱቦው ሲመለስ አይታ የጮኸችው የወላዷ እህት ናት። በስም ተጠርታ የምትቀር ነርስ ትጠየቅ፤ በጭብጨባ የቀረችው ግን ማን ናት ትባላለች? እኛ ስም አለን። ብንጠራ እንሰማለን።» ይህን ብዬ ተቀመጥኩ። እርስዎ ያውቃሉ፣ በዚህ ዘመን በስብሰባ ላይ ንግግር ሲያልቅ ይጨበጨባል። ያን ቀን ግን ማን ይድፈር! የሁሉም እጅ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ፤ ጓድ ጃራም የራሳቸውን እጅ አይተው ኪሳቸው ከተቱት።

በዚህ መሃል የጽዳት ሠራተኛዋ አዴ ድርቤ ተነሡ። ሊደግፉኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «ኢጆሌ ኮ፣ እናንተ ልጆቼ» አሉ፤ «ዶክተሩ ለእናንተ ያጨበጭባሉ። እናንተስ ለእኔ? ታፏጩልኛላችሁ! ደም ሲፈስ ፉጨት፣ ባልዲ ሲፈለግ ፉጨት። ጭብጨባስ ለሰው ነው። ፉጨት ለማን ነው?» ብለው ተቀመጡ። አባባ፣ ጆሮዬ እንደ በርበሬ ቀላ። ከፉጨተኞቹ አንደኛዋ እኔ ነኛ! ውሻችንን እንድጠራበት እርስዎ ያስተማሩኝን ፉጨት ነው ሳልለውጥ ነቀምቴ ያመጣሁት። ተነሥቼ «እሱም ሂስ ትክክል ነው፣ ተቀብያለሁ» አልኩ። ይህን ስል ቀልድ አልነበረበትም።

ከዚያ ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ተነሡ። እኔ የአጎቴ ሱቅ በር ሲከፈት ታየኝ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና፣ «ልጆቹ የመጡ ሰሞን ስማቸውን ጠይቄ ነበር፤ ረሳሁት። ደግሜ ልጠይቅ አፈርኩ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ሐፍረቱ ባሰ፤ አሁን ብጠይቅ እስከ ዛሬ የት ነበርክ እባላለሁ ብዬ እጄ ከአፌ ቀለለኝ» አሉ። ወደ ሲስተር የሺወርቅም ዞረው፣ «የእርስዎን ግን አውቀው ነበር፤ እሱ ይብሳል። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሏቸው። ሲስተር የሺወርቅ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ዶክተሩ ሊቀመጡ ሲሉ እኔን አዩኝና፣ «አንቺ ግን ያልሽኝ ሻይ እስካሁን አልመጣም» አይሉ መሰልዎት! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ መገርሳ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ «ዶክተር፣ እርስዎም ጀመሩ? የሰፉት እኮ እርስዎ ነዎት!» አሉ። ስፌቱ ያን ቀን ችሏል፤ አሁን ድነው ሲሬ ገብተዋል።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። አልተባረርኩም። ሰኔ ላይ ከጓደኞቼ ጋር እፈተናለሁ። ለጥፋቴ ለአንድ ወር የክፍሉን ፋሻ ሁሉ አጥቤ እጠቀልላለሁ፤ እጄ የልብስ አጣቢ እጅ መስሏል። ከስብሰባው ሳንወጣ ሲስተር የሺወርቅ ጥቅል ፕላስተር ከኪሳቸው አወጡ፣ ቁራጭ ቀደዱ፣ ስማቸውን ጽፈው ደረታቸው ላይ ለጠፉና ጥቅሉን አሳለፉት። ሁሉም ጻፈ፣ ዶክተሩም ጻፉ። አዴ ድርቤ ዘንድ ሲደርስ እኔ ልጻፍልዎ ስላቸው እጄን ገፋ አደረጉት። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናቸው። «ድ» አሉ፣ ጻፉ። «ር» አሉ፣ ጻፉ። «ቤ» ላይ ቆሙ፤ ጭራዋ በየት በኩል እንደሆነች ጠፋቻቸው። ዶክተሩ ጥቅሉን ይዘውላቸው ቆመዋል። ስብሰባ ሙሉ ሰው የአንዲት ሴት ስም እስኪያልቅ ሲጠብቅ አየሁ፣ አባባ። ሲጨርሱ እልልታው ለጉድ ነበር።

አሁን ክፍላችን ውስጥ የሚጨበጨብ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ዶክተሩ ደረታችን ላይ እያፈጠጡ ነበር የሚያነቡት። እርስዎ ያወጡልኝ ስም ርዝመቱ አያድርስ ነው፤ «ሐ-ረ-ግ-ወ-ይን» ብለው ሳይጨርሱ እኔ መርፌውን ወግቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ሰኞ ግን አመሌ አልችል አለኝና ከደራርቱ ጋር ፕላስተር ተለዋወጥን። ዶክተሩ ሲገቡ ደረቴ ላይ አላፈጠጡም፤ ከፕላስተሩ ወደ ፊቴ አይተው፣ «ደራርቱ፣ ምን በልተሽ አድረሽ ነው ዛሬ የረዘምሽው?» ብለውኝ አለፉ። ለካስ አውቀውናል! ፕላስተሩን አውልቄ ሄድኩና ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ትንሽም አለቀስኩ፣ ይህንን ግን ለባቻ አይንገሩት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጧ ጧ ሲያደርጉ እማዬ ውሃ ይዛ፣ አሰገደች በርጩማ ይዛ፣ ውሻው ጅራቱን ይዞ ሲመጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ለዶክተሩም ጭብጨባ ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው ከቤት ለምጄው ኖሯል። እማዬን «ስሚ» ሲሏት፣ «የልጆቹ እናት» ሲሏት ሰምቻለሁ። ስሟ ከአፍዎ ሲወጣ ግን ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት እርስዎም እንደ ዶክተሩ ጊዜው ረዝሞብዎ አፍረው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታጥፋ የምታገኟት ነጭ ፕላስተር አለች፤ የእማዬን ስም «የሻሽወርቅ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ከረሱት እንዲያዩት ነው። ይቆጡኝ ይሆናል፤ ደግነቱ ደምቢ ዶሎ ሩቅ ነው፣ ዱላዎም እስከ ነቀምቴ አይደርስም።

አሰገደችን ሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ ሳትዘል ካነበበች ከብርቱካኑ እልክላታለሁ፣ ያልተወጋውን። ለአጎቴ ሰላም በሉልኝ፣ ሚዛኑን ሌላ ሰው ይፈልግለት። ለጎረቤታችን ለኦቦ ደረሳና ለቤተሰባቸው በያሉበት ሰላም ይድረሳቸው። ለውሻችንም ሰላምታዬን ንገሩልኝ፤ ፉጨቱ ከእንግዲህ የእሱ ብቻ ነው። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን በደብዳቤ አልልክም። አጠገብዎ ተቀምጣ ብትሆንም በስሟ ይጥሯትና እርስዎ ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ሐረግወይን ወልደገብርኤል
ነቀምቴ
ጥር 26 ቀን 1973 ዓ.ም.