ጀልባው ላይ የተቀመጠችው ልጅ

ውድ ወንድሜ ኑሪ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን የሚያደርስልህ የዳምቦያው ልጅ ነገ መንገድ ስለሚጀምር እየተቻኮልኩ ነው የምጽፍልህ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ማውራት ሰልችቶኛል። እውነቱን ልንገርህና፣ ከሄድክ ጀምሮ ሁሉም ነገር ሰልችቶኛል። አርብ አርብ ስትደውል ድምፅህን ሰምቼ ስልኩን ዝም ብዬ ለአባዬ የማቀብለው ለዚህ ነበር።

ጌም ቤታችንን ዘጋሁት። አሁን የሆሳዕና ልጅ ሁሉ በስልኩ ነው የሚጫወተው። ዕቃውን አንድ የሀደሮ ሰው ሊገዛ መጣ።

ያን የጎርፉን ጌም ታስታውሰዋለህ? ወንድምና እህት ማዶ ቆመው፣ ጀልባህ የሚይዘው ግን አንድ ሰው ብቻ። አንተ ሁልጊዜ ልጁን ታሻግራለህ፤ ልጅቷ ትቀራለች። "አንድ ቀን እንኳ እሷን ብታሻግር ምን አለበት?" ስልህ፣ "እሷን ካሳፈርኩ ስታክ ያደርጋል፣ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ሲዲው ተጭሯል" ትለኝ ነበር። አላመንኩህም። መምህር ብዙነህ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጎራ ይልና፣ "እንዲህ ያለ ታሪክ መጽሐፍ ላይም አላነበብኩ!" እያለ ያደንቃል። እኔ እበሽቃለሁ።

"ምረጥ ብሎ፣ ኑሪ እንደሚለው ስትመርጥ የሚቆም ከሆነ ምኑ ይደነቃል?"

"ሂክማዬ፣ ጥፋቱ የሲዲው ነው። ታሪኩ ምን አደረገሽ?"

"እኔ የማየው ቆሞ የቀረውን ነው፣ መምህር።"

አንተ በመሀል ትስቅ ነበር።

ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ። ዱራሜ ነርሲንግ ልማር በተመዘገብኩበት ወር አባዬ መሬቱን ሸጠና፣ "ያለኝ ለአንድ ልጅ ነው የሚበቃው። ኑሪ ደቡብ አፍሪካ ይሂድ" አለ። አንተ መሬት መሬት አየህ። የእኔን ትምህርት አላነሳህም። በሄድክ ቀን "አመመኝ" ብዬ መናኸሪያ ያልሸኘሁህ ውሸቴን ነው። ጠልቼህ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ የሀደሮው ሰውዬ "ይሠራ እንደሆነ ክፈቺልኝ" ሲለኝ፣ እጄ የገባው ያው ሲዲ ሆነ። ሜሞሪ ካርዱ ላይ አንተ ሴቭ ያደረግካቸው ዘጠኝ ጨዋታዎች ወጡ። ዘጠኙም ላይ የጻፍከው ስም "ሂክማ" ነው። አንዱን ከፈትኩ፤ ልጅቷ ጀልባው ላይ ተቀምጣለች። ሌላውን ከፈትኩ፤ አሁንም ተቀምጣለች። ዘጠኙንም አየሁ። መቅዘፍ ስጀምር ሁሉም ድርቅ ይላል። ቀኑን ሳየው፣ የመጨረሻውን ሴቭ ያደረግከው ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ ነው።

"ተበላሽቷል እንዴ?" አለ ሰውዬው።

"ሲዲው ነው" አልኩት።

ቤት ገብቼ አባዬን ጠየቅኩት። "ኑሪ ስለ እኔ ትምህርት አንስቶ ያውቃል?" ሙስበሃውን መቁጠር አቆመ።

"'እሷ ትማር፣ እኔ እቀራለሁ' ብሎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር" አለኝ። "እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳትቀየሚኝ ብዬ፣ እንዳይነግርሽ ያስማልኩትም እኔ ነኝ።"

ልጅ በገዛ አባቱ ላይ ሽማግሌ ይልካል፣ ኑሪ? ለእኔ ብለህ? እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የአባዬን እንቢታ አንተ ላይ ጥዬ ኖርኩ። አፉ በለኝ።

ጌሙን ግን አሁንም አላደንቅም። ልጅቷ ማዶ ነው የቀረችው፤ እኔም አልተማርኩም፤ የአንተ ደግነት ያንን አይመልሰውም። መምህር ብዙነህ የፈለገውን ይበል።

ዕቃውን ለሀደሮው ሰውዬ ሸጥኩት። ሜሞሪ ካርዱን ግን "ጠፍቷል" አልኩት፤ ሳጥኔ ውስጥ ነው።

አርብ ስትደውል ስልኩን ለአባዬ አላቀብልም። እኔው ነኝ የማወራህ። ዝም ካልኩብህ ግን እንዳትዘጋው። ስታክ አድርጌ ነው፤ ትንሽ ጠብቀኝ።

ያልሸኘችህ እህትህ፣
ሂክማ
ሆሳዕና