የእናቴ ሾርባ በዘውዲቱ ክዳን

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2015

ዛሬም መለሰው። ክዳኑን እንኳ አልከፈተውም። «በሩ ጋ አስቀምጪው፣ ስትሄጂም ይዘሽው ሂጂ» አለኝ አባባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። የእናቴን ሾርባ፣ እንደ ቆሻሻ ከረጢት! ከነሸር እስከ ሃይፋ ኩፍሳውን፣ የፕላስቲክ ምግብ ዕቃውን፣ ጭኔ ላይ አቅፌ በአውቶቡስ መጣሁ። ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ እኔ እየፈላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የምለው አያቴን ነው። ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ነሸር ወዳለው ቤቱ ተመለሰ። ብቻውን ነው የሚኖረው። እናቴ ደግሞ ሥራዋ ምን ይመስላችኋል? ካርሜል ላይ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ መታፔሌት ናት። ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ከሩሲያ የመጣውን፣ ከሮማንያ የመጣችውን፣ የራሷን ስም የረሳችውን ሁሉ። የገዛ አባቷን ግን መንካት አይፈቀድላትም።

ለምን? ባለፈው በጋ ባሕር ውስጥ ገብታ በኢየሱስ ስም ስለተጠመቀች። አባባ አይሁድነቱን ከጎንደር ጀምሮ በእግሩ ተሸክሞ ያመጣ ሰው ነው። በአገራቸው ክርስቲያን ከነካቸው ይታጠቡ ስለነበር ጎረቤቱ «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር አሉ። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር። ሆስፒታል እያለ እናቴ ብርድ ልብሱን ስታስተካክልለት እጇ እጁን ነካው። እሷ ስትወጣ ጠብቆ «ያንን ጆግ አምጪና አፍስሽልኝ» አለኝ። አፈሰስኩለት፤ ታጠበ። እናቴ ገና ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ውኃው ሲወርድ ሳትሰማው አትቀርም።

የሚበላውን የምታመጣው የአጎቴ የወርቁ ሚስት ዘውዲቱ እንድትሆን ተወስኗል። ማን ወሰነ? አጎቴ ወርቁ። ወደብ ላይ ጥበቃ ስለሆነ ሰው በር ላይ ማቆም ይወዳል። ምስኪኗ ዘውዲቱ ፋብሪካ በፈረቃ ውላ ከሱፐርማርኬት የዱቄት ሾርባ በጥብጣ ትልካለች። ቢጫ ውኃ ነው። አባባ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል። ሱሪው በቀበቶ እንኳ አልቆም ብሏል።

ወርቁ ግን ዛሬ ያየው ይኼን አይደለም። «አያትሽን አንተ እያልሽ ነው የምታናግሪው? አንቱ በይ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሽማግሌው በረሃብ እያለቀ፣ እሱ የንግግር መምህር ሆኖልኛል።

ሰኞ

ዛሬ ወንጀል ሠራሁ። በጣም ደስ ብሎኛል።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነሸር ሄድኩ። አባባ ተኝቷል። ፍሪጅ ውስጥ የዘውዲቱ ኩፍሳ አለ፣ ሰማያዊ ክዳኑ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀው። ቢጫውን ውኃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። የእናቴን ሾርባ ገለበጥኩበት፣ አሞቅኩት፣ የተሰነጠቀውን ክዳን ከደንኩና ይዤ ገባሁ።

«የማን ነው?» አለ አባባ።

«ክዳኑን አታየውም እንዴ?» አልኩት። ይኼ ውሸት አይደለም። ጥያቄ ነው።

አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ቆመ። ኮርኒሱን ትንሽ አየ።  ከዚያ በላ! ሥጋውን በላ፣ ካሮቱን በላ፣ ኩፍሳውን አንስቶ ጠጣው። ጢሙ ላይ የቀረውንም አልማረውም። «ዘውዲቱ እጇ ጣፍጧል» አለና ተኛ።

ቆይቶ ወርቁ መጣ። ባዶውን ኩፍሳ ሲያይ ደረቱ ተነፋ፤ ወዲያው ለሚስቱ ደወለ፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዘውዲቱ! አባባ ሾርባሽን ጨረሱት!» ዘውዲቱ መጀመሪያ «የትኛውን?» አለች። ከዚያ «ውይ፣ ምን አላት… ትንሽ ቅመም ጨመር አድርጌባት ነው» አለች። የሹራቤን እጅጌ ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት።

ረቡዕ

አባባ ዛሬ መራመጃውን እየገፋ እስከ በረንዳው ሄደ። የጎረቤቱን ልብስ ማስጫ ሰደበ፣ ዝናቡን ሰደበ፣ አጫጭር ፀጉሬን ሰደበ። ድኗል ማለት ነው።

እቤት ስገባ ግን ነገር ተበላሸ። እናቴ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። ኩፍሳዋን ከቦርሳዬ አወጣችና አየችው። ሰሞኑን ባዶውን እየተመለሰ ነው።

«በላ?» አለችኝ።

«በላ» አልኩ። አንዲት ቃል። በማን ክዳን እንደሆነ አልተጠየቅኩም፣ አልተናገርኩም።

እሳቱን እንኳ ሳታጠፋ በፍሪጁና በልብስ ማጠቢያው መካከል ተንበረከከች። እዚያ ቦታ መጥረጊያ እንኳ በግድ ነው የሚገባው። «አባቴ ከእጄ በላ፣ ጌታዬ፣ አባቴ ከእጄ በላ» ትላለች። እኔ ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ። ሽንኩርቱ አረረ።

ሰውን ላብላ ብዬ እንጂ ጸሎት ልሰርቅ ብዬ አልነበረም። በማን ልናደድ? በእሱ? በእሷ? በሁሉም ተናድጃለሁ። በእግዚአብሔርም። አንዲት እናት ይኼን ያህል ስትለምነው ቆይታ መልሱን ለእኔ ይተውልኛል? እኔ የሒሳብ ፈተና ወድቄ የመጣሁ ልጅ ነኝ!

ቅዳሜ

ጉባኤያችን የሚሰበሰበው ሚክላት ውስጥ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ሰው የሚጠለልበት ምድር ቤት። መስኮት የለውም፣ ሽታው የእርጥብ ካልሲ ነው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ደምሴ ሲጸልዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሲሰብኩ ደግሞ እኛ እንጨፍናለን። ዛሬ ስለ መታደስ ሰበኩ። ልብ በየቀኑ ይታደሳል አሉ። እኔ የማውቀው የሚታደስ ነገር የአውቶቡስ ካርዴን ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ያልቃል።

ከዚያ የምስክርነት ሰዓት ሆነ። ጌታ ያደረገለትን ሰው ተነሥቶ የሚናገርበት። አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጉልበት ሕመም ነው። እናቴ ተነሣች። እናቴ! ሰው ፊት «ደህና ዋላችሁ» ለማለት የምታፍር ሴት።

«አባቴ እጄን ተጸይፎ ነበር» አለች። «ታውቃላችሁ፣ አብራችሁኝ ጸልያችኋል። በዚህ ሳምንት ከእጄ በላ።»

እልልታው ከኮንክሪቱ ጋር እየተጋጨ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። ጋሽ ደምሴ አለቀሱ፣ ያውም ዓይናቸውን ገልጠው። አንዲት ሴትዮ እኔን ሁለት ጊዜ ሳመችኝ። 

ወደ ቤት ስንመለስ ሽቅብ በሚወጣው ረጅም ደረጃ ላይ ነገርኳት። ሁሉንም። ሰማያዊውን ክዳን፣ ቢጫውን ውኃ፣ የዘውዲቱን ቅመም። እናቴ እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«አብደሻል? አይበላም እኮ! ይሞታል!»

«በተሰረቀ ክዳን አባቴን አላበላም።»

«እሺ ኢየሱስስ?» አልኳት። ሚክላት ውስጥ ተኝቼ አልኖርኩም፣ አንዳንድ ነገር ይገባኛል። «ሰርጉ ቤት ውኃውን ወይን ሲያደርገው ለአሳዳሪው ከየት እንደመጣ ነገረው? አልነገረውም! ዝም ብሎ አስጠጣው!»

እናቴ አየችኝ። ሳቅ ብላ ነበር መሰለኝ፣ ጨለምለም ስላለ እርግጠኛ አይደለሁም። «የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የቀዳሁት፤ ሳላውቅ የቀረሁትም እኔ ነኝ።»

ከዚህች ሴት ጋር መከራከር አይቻልም። ኡፍ።

እሑድ

ፈረቃ ቀይራ ሄደች፤ እኔንም ጎትታ። አባባ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ወርቁና ዘውዲቱም እዚያው። እናቴ ደፉን አላለፈችም። በሩ ላይ ቆማ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ የበሉት ሾርባ የእኔ ነው። ልጂቱ ናት የገለበጠችው። ሳላውቅ ነው፣ ግን የእኔ ነው። ሌባ ሆኜ ላበላዎት አልፈለግኩም።»

ወርቁ ብድግ አለ። «አታላችሁ ክርስቲያን ያበሰለውን…!» ዘውዲቱ የጥፍሯን ቀለም መመርመር ጀመረች። እኔ አባባን ነው ያየሁት። ፊቱ ጠቆረ። የጮኸው ግን እኔ በጠበቅኩት በኩል አልነበረም።

«ማን ጠየቀሽ?» አለ። «ተናገሪ ማን አለሽ? ከመጀመሪያዋ ማንኪያ አውቄዋለሁ! ዘውዲቱ ሾርባ መሥራት ከመቼ ወዲህ ነው? ነጭ ሽንኩርቱን ልክ እንደ እናትሽ ነው የጠበስሽው። ዝም ብዬ እበላ ነበር እኮ! አሁን ነገርሽኝ። አሁን በወርቁ ፊት እንዴት አድርጌ ልብላው?»

 ያውቅ ነበር! እኔ ተንኮለኛዋ፣ እኔ ብልጧ፣ በአንድ ሽማግሌ ተሸውጄ ኖሯል።

ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እናትሽን ሱዳን በረሃ ላይ የቀበርኳት ኢየሩሳሌም ልገባ ብዬ ነው። ልጄ እነሱን እንድትሆን ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች እናቴ። «እኔም በእጄ ቆፍሬያለሁ።»

ይኼን ነግራኝ አታውቅም። ያኔ ከእኔ ታናሽ ነበረች። እጆቿን አየሁ። እንደ ሁልጊዜው በሥራ ቤት ሳሙና ተሰነጣጥቀዋል።

አባባ «ሂዱ» አለ። ሄድን።

አውቶቡስ ላይ ከእሷ ርቄ ተቀመጥኩ። በእውነት ምን አተረፍን? እሱ የሚበላው የለውም፣ እሷ አባት የላትም፣ ሚክላቱ ሙሉ ሰው ደግሞ በማይሆን ነገር እልል ብሏል። ሃሌሉያ በሉ እንግዲህ!

ሰኞ

ነሸር አልሄድኩም። አልሄድም ብያለሁ። ወርቁ ለእናቴ ደውሎ አባባ ከትናንት ጀምሮ ሻይ ብቻ ነው የሚጠጣው አላት፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል። እንደ እሱ ከሆነማ ናት።

እሷ ምን አደረገች? ካሮት መላጥ ጀመረች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለአባባ።»

«አይበላውም!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል? ይኼ ነው ተስፋ የምትሉት? ሞኝነት ነው!»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ እንጃ፣ ልጄ። ጠዋት ስነሣ አልችልም እላለሁ። ከዚያ ተነሥቼ እልጣለሁ። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ከእኔ ግን አይደለም፤ እኔ አልቄያለሁ።»

በሩን ወርውሬ ዘጋሁ። ከበሩ ጀርባ አለቀስኩ። ይኼን ማንም እንዳያነብ።

ረቡዕ

ዛሬ ሄድኩ። ኩፍሳው የእናቴ፣ ቀይ ክዳኑም የእናቴ። ምንም ተንኮል የለም። ወርቁ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ኩፍሳውን አባባ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«የእናቴ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከፈለግክ ብላ… ከፈለጉ ይብሉ።» አንቱ ማለት ያን ያህል አይገድልም።

አባባ ክዳኑን አየ። ወርቁን አየ። «አንተ፣ ፈረቃ የለህም ወይ ዛሬ?» አለው።

«የለኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ተቀመጥና እይ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጆጉን አምጪ።»

ሞትኩ። ሊታጠብ ነው፣ ዕቃውን ሳይነካ እንኳ ሊታጠብ ነው። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ። አፈሰስኩለት። እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ሰው ለምግብ እንደሚታጠበው። ክዳኑንም ራሱ ከፈተው። በላ። ቀስ ብሎ፣ ወርቁን እያየ። ወርቁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወደብ ላይ ሰው እንዲህ ሲያልፈው አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ሲጨርስ ጆጉን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ከበላ በኋላ እንደ ሆስፒታሉ እንደሚታጠብ እርግጠኛ ነበርኩ። ቆሜ ጠበቅኩ። አባባ ሽቅብ አየኝ።

«ምን ተገትረሻል?» አለ። «መልሺው።»

መለስኩት። ግማሹ ውኃ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ጫማዬን ሳስር ደግሞ ጠራኝ። «ለእናትሽ ጨው አንሶታል በያት።»  ከዚያ ድምፁን ቀንሶ «ይኼ ወርቁ አርብ አርብ ሲያጥበኝ መኪና የሚያጥብ ይመስለዋል። ቆዳዬን ጨረሰው። ሰው ማጠብ የእናትሽ ሥራ አይደለም እንዴ?» አለ።  ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለእናቴ ነገርኳት። አሁን ወጥ ቤት ናት። ጨው አንሶታል ማለቱን ደጋግሜ እንድነግራት አደረገችኝ፣ በእሱ ድምፅ። ስለ አርቡም ነገርኳት። የዘይት ጠርሙሱንና ለስላሳውን ፎጣ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ አወጣቻቸው፣ ከዚያ መልሳ ከተተቻቸው።

ጋሽ ደምሴ ያሉት መታደስ ይኼ ከሆነ ምንም አዲስ አይመስልም። አሮጌ ሰውዬ፣ አሮጌ ጆግ፣ ስንት ጊዜ የተመለሰ ሾርባ። አሁንም ተናድጃለሁ። አርብ ሊጮህባት ይችላል፣ ወርቁ በሩን ሊዘጋባት ይችላል።

ግን አንድ ነገር ብያለሁ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን፦ ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ፣ ከኋላ ወንበር የምስቀው። ስለ አርብ ነው። የቀረውን ታውቀዋለህ።