ገመዱን ያስፈታው ሰው

ከድሬ፣ ወንድሜ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ረመዳን ያለአንተ ጾምን። እማዬ አሁን አንተ ትሠራበት በነበረው በጭድ ተራ አታልፍም፤ ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ በራጉኤል በኩል ዞራ ትሄዳለች። ጃኬትህን ለማንም አልሰጠችም፤ አላጠበችውምም። እኔ ያንተን ቦታ ትቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ነው የምተኛው። ሰው ሐዘን ይመስለዋል። ንዴት ነው፣ ከድሬ።

አሠሪህ ለቅሶ የመጣ ቀን ለሁሉም «አክሲደንት ነው» ይል ነበር። ቃሉ ጆሮዬ ላይ ስለቀረ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። ከላቲን የመጣ አሮጌ ቃል ነው አለ፤ ሥሩ «በላይ መውደቅ» ነው። ድሮ እንግሊዞቹ ክፉም ይሁን ደግ ለደረሰ ነገር ሁሉ ይሉት ነበር፤ ማንም ሳያስበው ለሚመጣ ጉዳት የቀረው ቆይቶ ነው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቦንዳው ከመኪናው ላይ በላይህ ሲወድቅ ታየኝ።

መኪና ላይ በገመድ የታሰረ የልብስ ቦንዳ እኮ ዝም ብሎ አይወድቅም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ምሳ ሳመጣልህ፣ ገመዱ ከኋላ ጀምሮ በየተራ ነው የሚላላው ትለኝ ነበር። ሲፈታ ከጎኑ እንዳልቆም ጆሮዬን ይዘህ ትጎትተኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አሠሪህ ትራፊክ ሳይመጣ መኪናው ይውጣ ብሎ ገመዱን በአንዴ አስፈታ። አንተ ከሥር እንዳለህ እያየ፣ ጓደኞችህ ቆይ እያሉት። እነሱ ናቸው የነገሩኝ።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ይዞ ቤት መጣ። አክሲደንት ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ አፉ በሉኝ አለ። ሽማግሌዎቹ እንዲጨብጠው ሲለምኑት አባዬ እጁን ዘረጋ። ልጅ በሽማግሌ ፊት እንደማይናገር አውቃለሁ፤ አንተም ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ገመዱን በአንዴ ፍቱት ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

አንዱ ሽማግሌ ቁጭ እንድል በእጁ አሳየኝ። ሰውየው ምንጣፉን ነው ያየው። አባዬ የዘረጋውን እጅ ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«መጀመሪያ ለልጄ ይመልስለት» አለ።

ሰውየው ጫማውን አድርጎ ወጣ። ዕርቁም እንደተንጠለጠለ ነው።

እማዬ ዞራ ብትሄድም እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሰውየው ሱቅ ፊት ነው የማልፈው። ቀስ ብዬ። ቀና ብሎ ሲያየኝ አልሸሸውም። እኔ እንደማልረሳህ ታውቃለህ፣ ከድሬ። እሱም እንዲረሳህ አልተወውም።

ታናሽህ
ነስሩ