የአቶ ገብረ ሕይወት ያልተለካው ሦስተኛ ቁጥር

አቶ ገብረ ሕይወት ወልደአረጋይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደአረጋይ ኃይለ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ይሁኔ በ1924 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ጀምረው ሳለ በ1937 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ገቡ። ያን ጊዜ ዘመድ እንደ ሞተ ሰው አለቀሰላቸው፤ ዛሬ የሚያለቅሱትም እነዚያው ናቸው።

በ1946 ዓ.ም. ፊዚክስ ሊያጠኑ ወደ ውጭ አገር ተልከው በ1951 ዓ.ም. ተመለሱ። በደብረ ብርሃን መምህር ሲሆኑ ቤተ ሙከራ ብለው የሰጧቸው የጠመኔ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ ደመቀች ተክለጊዮርጊስን በተክሊል አግብተው ልጃቸውን በሰለችን ወለዱ።

ጥናታቸው ትራንዚስተር ራዲዮ በሚሠራበት በጀርማኒየም ክሪስታል ላይ ነበር። አቶሞቹ በማሕሌት ግራና ቀኝ እንደቆሙ ሊቃውንት ተሰልፈው እንደሚወዛወዙ፣ አንዱ ሲገፋ ጎረቤቱ እንደሚቀበለው ያስረዱ ነበር። ቤተ ዘመዱ ግን «ገብሬ፣ ድንጋይ ካሸበሸበማ ለእኛ ምን ቀረን?» እያለ ይስቅ ነበር።

ክሪስታሉ ሲጫኑትና ሲገፉት የሚያሳየው ጥንካሬ በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል። ከተሰበረ ራዲዮ በሠሩት መሣሪያ በክሪስታሉ ውስጥ ድምፅ እያሳለፉ ሁለቱን ለኩ። ሦስተኛውን ሲልኩ የዶክትሬት ማዕረጋቸው እንደሚጸድቅ ውጭ አገር ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ተጽፎላቸው ነበር።

በጥር 1961 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ሊጠይቋቸው ከአንኮበር መጡ፤ ድምፅ ያልፍበታል የተባለውን ድንጋይም አዩ። በቤታችን ለቤተ ክርስቲያን ደወል የሚሆን ድንጋይ የሚመረጠው ተመትቶ ነው። እሳቸውም «ወንድሜን የያዘው ይህ ከሆነ ድምፁ ያስታውቃል» ብለው በመዶሻ መቱት። ጀርማኒየም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነውና ረገፈ። አቶ ገብረ ሕይወት ከአልጋቸው ሆነው «ጋሼ፣ ቢጠይቁኝ በነገርኩዎ ነበር» አሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሕመማቸው ጸንቶ የካቲት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በ37 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውንና ታናሽ እህታቸውን አልታየችን ትተዋል። ሦስተኛው ቁጥር የት ደረሰ የሚል ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ከውጭ አገር መጥቶ ነበር። ፊዚክሱን ከወንድሟ መጻሕፍት ለብቻዋ ያነበበችው አልታየች እንዲህ ስትል መልሳለች፦ ሁለቱ ቁጥሮች የገብረ ሕይወት ወልደአረጋይ ናቸው፣ በስማቸው ይታተሙ፤ ሦስተኛው አልተለካም፣ ክሪስታሉን እኛው ቤተሰቦቻቸው ሰብረነዋል።

የልባቸውን የሚያውቅ አምላክ፣ ሳናውቃቸው ከምንሸኛቸው ከእኛ ይልቅ አክብሮ ይቀበላቸው።