ቤቱን ለሚያውቅ ደንበኛ

ፍኖተ ሰላም
ሰኔ 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

አሰብ ወደብ ለሚገኙት ለውድ አባቴ ለአቶ የሽዋስ ይድረስ፤

አባባ፣ «ለመሆኑ ቤቴን አሰናጂልኝ ብሎ ሰው የሚቀጥር ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከወፍጮ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘኝ የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ሌላው እየሳቀ ነው፤ እርስዎ ግን ተቆጥተው። ስለዚህ ዛሬ ከነሥሩ እመልስልዎታለሁ፤ ደብዳቤው ቢረዝም በአባትነትዎ ይታገሱኝ።

እኔና እማዬ ጤና ነን። ክረምቱ በጊዜ ገብቷል፤ ቆርቆሮው በሁለት በኩል ያፈስ ነበር፣ ራሴ ወጥቼ ደፈንኩት። ደብዳቤዎን ሳነብላት እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችና «አባትሽ ሲጽፍ እንደ ቀበሌ ነው፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ትእዛዝ» አለች። ወዲያው ግን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ትእዛዝዎ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ እርስዎ በስንት ልመና ያስገኙልኝን የመንግሥት ሥራ ለምን እንደገፋሁት እንዳስረዳ። ሁለተኛው፣ ቤት መሸጥ ከተፈቀደ ወዲህ ይህንን ቤት ሸጠን እኔም እማዬም አሰብ እንድንመጣ። «ሙያ አለኝ ካልሽ የገዛ ቤታችንን ለገዥ አሰናጂና ልይሽ» ብለዋል። ለሁለቱም መልስ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ሙያው። አምና ከሐዋሳ በኑሮ በዘዴ ትምህርት ተመርቄ ስመጣ አንድ ነገር ልብ አልኩ። በኛ አገር ሰው ቤቱን ለሌላ ሰው ዓይን የሚያቀርብበት ቀን አለው። የልጅቷ ወገን ቃል ከመስጠቱ በፊት ሽማግሌ ልኮ የወንዱን ቤት ያያል። ጽዋ ማኅበር ይደርሳል፣ ልጅ ይዳራል። ያን ዕለት ሴቲቱ ጠላ ትጥመቅ፣ ወጥ ትሥራ ወይስ ግድግዳ ትለቅልቅ? እኔ ልለቅልቅላት ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ቡሬ አጠገብ የሚኖሩ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ዘራቸው ከአገው ምድር ነው፤ ሲቆጡ በአውንጊ፣ ሲለምኑ በአማርኛ ነው የሚናገሩት። ጥር ላይ ከልጃቸው ከሀይሉ ጋር የሚኖሩበትን ቤት የልጅቷ ሽማግሌ ሊያይ ነው አሉና ጠሩኝ። አባባ፣ አራት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቅሁ፣ መደቡን ዙሪያውን በቀይ አፈር ከፈፍኩ፣ ከአሮጌ መጽሔት የአበባ ሥዕል ቀድጄ ለጠፍኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሰላል አቁሜ ከጣሪያው ማገር ላይ የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ አንድ ሳላስቀር ጠረግሁ። በትምህርታችን ጥቀርሻ ቆሻሻ ነው። ስጨርስ ቤቱ አበራ፤ እኔም አብሬ አበራሁ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አባ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ የልጅቷ ቤተሰብ ንስሐ አባት ናቸው የመሯቸው። ግድግዳውንም አበባውንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ይህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዐሥራ ሁለት» አለ ሀይሉ።

አባ አጠገባቸው ያለውን ሽማግሌ አዩት፣ እሱም አያቸው። «ቤቱስ ሙሽራ መስሏል» አሉ፤ «እኛ ግን ሙሽራ ልንሰጥ ነበር የመጣነው፣ ሙሽራ ልናይ አይደለም።» ጠላውን አንድ አንድ ጊዜ ቀምሰው፣ ቃል ሳይሰጡ ወጡ።

እኔ ምኑም አልገባኝም። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ግን መደቡ ላይ ቁጭ አሉና «አዬ ልጄ» አሉኝ፤ «የዐሥራ ሁለት ዓመት ጭሴን ጠርገሽ ጣልሽብኝ።» ለካ እሳቱ የማይጠፋ፣ እንግዳ የማያጣ ቤት ጣሪያው ጥቁር ነው፤ ሽማግሌ የሚያነበው እሱን ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሮ ጣሪያው የነጣ ቤት ሰው የማይበላበት ቤት ነው። ያንን ሐዋሳ አላስተማሩኝም፤ እርስዎ ቤት አድጌ ደግሞ አላስተዋልኩትም።

ሌላ ሰው ቢሆን ዲፕሎማውን ሳጥን ውስጥ ከቶ ይቀመጥ ነበር። እኔ በሦስተኛው ቀን አባ ወልደ ዮሐንስን ከደብራቸው ደጅ ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩና «አባ፣ ያ ቤት ጭስ አጥቶ አይደለም፤ ጠርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«ምን ቢያደርግሽ?»

«ቆሻሻ መስሎኝ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁብኝ። «ታዲያ የት ጣልሽው?»

«ከጓሮ፣ ጉድጓድ ውስጥ።»

«በይ አሳዪኝ።»

እውነት ነው የምልዎ፣ ያን ሁሉ መንገድ አብረውኝ ሄዱ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው እንዲወጣላቸው አዘዙ፤ ተቀብለው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። «ይህስ የደህና ቤት ጥቀርሻ ነው፤ ቅቤ ቅቤ ይላል» አሉ። ሀይሉ ከፋሲካ በኋላ ተዳረ። እኔን ግን ሲለዩኝ ያሉኝን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፤ «ልጄ፣ ቤት አፍ አለው። ፊቱን እጠቢለት እንጂ ምላሱን አትቁረጪ።»

አባባ፣ ከዚያ በኋላ ደንበኛ የምመርጠው እኔ ሆንኩ። የሌለውን እንዳለው አስመስዪልኝ የሚለኝን አልቀበልም። ያለውን ማሳየት ያቃተውን ግን በእግሬም ቢሆን ሄጄ እሠራለታለሁ። አባ ወልደ ዮሐንስም የጥቀርሻውን ነገር በየደረሱበት እየሳቁ ሲያወሩት፣ ሰው ለመሳቅ ይመጣና ቤቱን አሳይቶኝ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሥራው ነገር ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ቀድሞ የሚያነበው ካለ እሱም ይስማ።

የካቲት ውስጥ ጓድ ክንፈሚካኤል የሚባለው የመንደር ምሥረታ ኃላፊ ቤታችን ድረስ መጣ። እርስዎ ላስገኙልኝ የኑሮ በዘዴ ወኪልነት ስሜ መቅረቡን እያስታወሰ፣ ከላይ እንግዶች እንደሚመጡና ከአዲሱ መንደር አንዱን ቤት እንዳሰናዳለት ነገረኝ። አልጋው ከእንግዳ ማረፊያ፣ ራዲዮው ከጽሕፈት ቤቱ፣ ጎታው ከነእህሉ ከማኅበሩ ይመጣል።

«ቤቱ የማን ነው?» አልኩት።

«የማንም ይሁን። ባለቤቱ ለዕለቱ ይወጣል።»

«እና ማን ይቀመጥበታል?»

«ደህና አድርጎ የሚናገር ሰው ከማኅበሩ እናስቀምጣለን።»

«እንግዶቹ ሲሄዱስ?»

«ዕቃው ወደየቦታው ይመለሳል።»

«ባለቤቱስ?»

«እሱም ይመለሳላ» አለኝ ተቆጥቶ።

እማዬ ከጓዳ ሆና «ከራዲዮው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለች። እኔ ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ የዚያን ቤት ባለቤት ሳላነጋግር ቤቱን መንካት እንደማልችል ነገርኩት። «ጓዲት፣ ይህ ሥራሽ ነው እኮ» አለኝ። «ሥራዬስ ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው እምቢ የምለው» አልኩት። በሳምንቱ ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። ለእርስዎ የደረሰው ወሬ «ልጅዎ ሥራ ገፋች» የሚል ነው፤ ልክ ነው፣ ገፍቻለሁ። ዛሬም ቢመጣ እገፋዋለሁ።

ከመጋቢት ወዲህ ደግሞ የሆነውን ሰምተዋል። ሰው ከመንደሩ ቤቱን እየነቀለ ወደ ቀድሞ ቀዬው እየተመለሰ ነው። እንጨቱን ይሸከማል፣ ሣሩን ይሸከማል፤ ሴቶቹ ግን የድሮ ቤታቸውን መልክ ይፈልጋሉ። «ምድጃዬ የነበረበትን አውቀዋለሁ፤ ከፍታው ግን ጠፍቶኛል» ትለኛለች አንዷ። አብረን ቆመን፣ ጉልበቷ ድረስ፣ ወገቧ ድረስ እያልን እንለካለን። አባባ፣ የኔ ደንበኞች እነዚህ ናቸው። ማር የሚያመጣ አለ፣ ጤፍ የሚያመጣ አለ። እማዬ ጭቃውን በጭድ ታቦካልኛለች፤ «ባሌ ያስተማረውን ዲፕሎማ በእግሬ እረግጠዋለሁ» እያለች ትስቃለች። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለት ሴት ቀጥሬ ቡሬና ጂጋ ላይ ቅርንጫፍ ሳልከፍት ብቀር ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን።

ትእዛዝዎን ፈጸምኩ። አደባባይ የወጣ ምስክር አለኝ፤ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። የፊት ለፊቱን ግድግዳ አደስኩ፣ መስኮቶቹን አጠብኩ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ድንጋይ ነጠፍኩ። የጓዳውን ጣሪያ አልነካሁም፤ ጥቁር እንዳለ ነው። ገዥም አገኘሁ። አቶ ሃይለ ሚካኤል የሚባሉ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሸጋዬ ጋር ግንቦት መጨረሻ ላይ መጡ። አቶ ሃይለ ሚካኤል ቆርቆሮውን በዱላ አንኳኩተው ወደዱት፣ ግቢውን በእርምጃ ለክተው ወደዱት። «በዚች ልጅ እጅ ያለፈ ቤት ዋጋው አይበዛበትም» አሉ። እርስዎ ቢሰሙ ደስ ይልዎት ነበር።

ወይዘሮ ሸጋዬ ግን ሳሎኑ መካከል ቆመው ኩላቡን ያያሉ። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን፣ እርስዎ ከቀንድ ጠርበው የመቱትን ኩላብ። ጋቢዎ ተንጠልጥሎበታል።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የባለቤቴ» አለች እማዬ።

«የታሉ?»

እማዬ ወደ ጋቢው ቀና አለች። እርስዎ ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት፣ ሰው ይህንን ሲጠይቃት «ወደብ ነው» ከማለት ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን «መንገድ ናቸው» አለች።

ወይዘሮ ሸጋዬ የጋቢውን ጫፍ በእጃቸው ያዝ አድርገው ለቀቁት። እማዬ በየዓመቱ ለመስቀል ስለምታጥበው ንጹሕ ነው። ወደ ባላቸው ዞረው «ና እንሂድ» አሏቸው።

«ምነው፣ ቆርቆሮው እኮ…»

«ቆርቆሮውን ተወው። ባለቤቱ መንገድ ላይ ያለ ቤት አልገዛም። ነገ መጥቶ ከደጄ ቢቆም ምን ብዬ ልመልሰው ነው?»

አቶ ሃይለ ሚካኤል እያጉረመረሙ ወጡ። ወይዘሮ ሸጋዬ በሩ ላይ ሲደርሱ ክንዴን ያዙና ቡሬ ያለውን ቤታቸውን መጥቼ እንዳይላቸው ቀጠሩኝ። ከክረምቱ በኋላ እሠራላቸዋለሁ። ገዥ ጠፋ፣ ደንበኛ ተገኘ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ከዚያ ይቆጡኝ። በዚያን ቀን ጠዋት እማዬ ጋቢዎን ራሷ ከኩላቡ አውርዳ፣ አጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ ከትታው ነበር። እንደ ትእዛዝዎ። ክዳኑን ዘግታ እላዩ ላይ ቁጭ አለችና «በይ፣ አሁን ባዶ ነው፤ አሳዪው» አለችኝ። ቆይታ እንግዶቹን ልትቀበል ወደ ደጅ ወጣች። አውጥቼ መልሼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስትመለስ አየችው። ዞር ብላም እኔን አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ እንግዶቹን «ግቡ» አለች።

እንግዲህ የጠየቁኝ ይህንን ነበር፤ ቤቴን አሰናጂልኝ የሚል ማን ነው? አንዱ እርስዎ ነዎት። ቤቱንም አሰናድቻለሁ። ለሌላ ሰው ግን አላሳየውም፤ ገዥ ቢልኩም እመልሰዋለሁ፣ አሰብም አንመጣም። መንገዱ ሳይዘጋ ይምጡና ቆመው ይዩት። ጎድሏል የሚሉት ካለ ፊት ለፊቴ ይንገሩኝ፤ አስተካክላለሁ። ዐይተው እሸጠዋለሁ ካሉ ደግሞ ያን ጊዜ ጋቢውን በገዛ እጅዎ ያወርዱታል። እኔም እማዬም አንነካውም።

የሳሎኑ ግድግዳ የሚለቀለቀው ለመስከረም ነው። በነጩ አፈር ይሁን በቀዩ? እማዬ «እሱ ቀይ ነው የሚወድ» ትላለች፤ እኔ ትዝ አይለኝም። የሚመጡበትን ወርና የሚፈልጉትን ቀለም ጽፈው ይላኩልኝ፤ አፈሩን ከወዲሁ አስቆፍሬ አቆይልዎታለሁ።

የባሕሩን ሙቀት የግሽ ዓባይ ውኃ ያድርግልዎ። የወጡበትን በር ያላስረሳዎ አምላክ መግቢያውንም ያቅናልዎ።

ልጅዎ
ያይኔአበባ የሽዋስ

እማዬ «ሰላም በይልኝ» አላለችም። ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ፖስታውን በእጇ ይዛ ትጠብቃለች።