እሜቴ ናፍጣ ጠጣች

ውድ ቤንዚን፣

በዚህ ስም የጠራህ ሰው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። እዚያ ጫማ መደብር ውስጥ በወግ ስምህ እንደሚጠሩህ አውቃለሁ። እኔ ግን አባዬ ያወጡልህን ስም አልተውም፤ የራሴንም አልተውኩም። አንተ በአንዲት ብልጭታ ቦግ የምትል፣ እኔ እስክሞቅ ድረስ የሰው ትዕግስት የምጨርስ፣ አንዴ ከተነሳሁ ግን የሚያቆመኝ የሌለ። "አንዱን ቤንዚን፣ አንዷን ናፍጣ አድርጎ ሰጠኝ፤ ጋራዡን ዘግቼ ማደያ ብከፍት ይሻለኝ ነበር" ይሉ አልነበር?

ስልክ ልደውልልህ እችል ነበር። ግን አመልህን አውቃለሁ። ከእማዬ ጋር ደህና ታወራና "አባዬ" የሚል ቃል ስትሰማ "ደንበኛ መጣ" ብለህ ትዘጋዋለህ። በሰባት ዓመት ውስጥ እኛ በደወልን ቁጥር የመጣው ደንበኛ ሁሉ ጫማ ገዝቶ ከሆነ፣ የመደብርህ ባለቤት ይሄኔ ሀብታም ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ተናደህ ብትጥለው እንኳ ተመልሰህ ታነሳዋለህ።

ወሬውን ላስቀድመው። እሜቴ ተነስታለች፤ የተነሳችው ደግሞ በናፍጣ ነው።

አዎ፣ ያቺው እሜቴ፣ የአባዬ መኪና። አባዬ ከአንድ ሐኪም ግቢ ዝጋ ከቆመችበት አውጥተው ዘጠኝ ዓመት እንደ ሙሽራ ያስዋቧት ባለ ሁለት በር፣ አረንጓዴዋ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት፣ ወንበሯ ቆዳ። ስትጮህ ሳይሆን ስትተነፍስ የምትሰማዋ። እሷን የጭነት መኪና ሞተር አስታጠቅኋት። አሁን ስትነሳ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሰባት ዓመት በሸራ ተሸፍና ጋራዡ ጥግ ቆመች። አባዬ ሸራውን አይገልጡም፣ ሌላም ሰው እንዲገልጥ አይፈቅዱም። አንድ ሰው ዕቃ ካስደገፈባት "አንሳ" ይላሉ እንጂ ምን እንደሆነች አይናገሩም። እማዬ "አስከሬን ቤት ውስጥ አስቀምጦ ሰው እንዴት ይኖራል" እያለች ስታጉረመርም ኖረች። ባለፈው ዓመት የአባዬ ጉልበት እምቢ አለና ከመኪና ሥር መግባት አቆሙ፤ ጋራዡንም ለእኔ ተዉት። ቁልፉን በተረከብኩ ማግስት ሸራውን ገፈፍኩት።

"የድሮው ሞተር አልቆለታል አባዬ" አልኳቸው። "አካሉ ተሰንጥቋል፤ መለዋወጫም አይገኝለትም።"

"እና?"

"ከተገለበጠች ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር አግኝቻለሁ። ካምቢዮውም አብሮት አለ።"

 "ናፍጣ የጭነት ነው" አሉ። "ለእሜቴ ናፍጣ ከምታጠጪ እኔን አጠጪኝ።"

"የእርስዎ ሞተር ገና ጤነኛ ነው" አልኩ። አልሳቁልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋራዡን አልረገጡም። በመስኮት ግን ያያሉ፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

አሮጌውን ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥዬ በሁለት ቀን አወረድኩት። ወደ ጥግ ከመግፋቴ በፊት ግን የላይኛውን ክዳኑን፣ ቴስታታውን፣ ፈታሁ። ለምን ብትለኝ፣ መካኒክ የሞተውንም ቢሆን ምን እንደገደለው ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል የምትገባዋን ጓርኒሲዮን ታስታውሳታለህ፤ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ያሏትን ስስ ንጣፍ። የፊቷ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የገባችው። የኋላዎቹ የውሃ መንገዶች በሙሉ ተደፍነዋል። ፊት ያሉት ሲሊንደሮች ውሃ ሲጠጡ የኋለኞቹ በደረቁ ይነዱ ነበር። አንተ ዳገት ባታወጣት፣ እማዬ ቀስ ብላ ገበያ ደርሳባት ብትመለስ ኖሮም ያው መቃጠሏ አይቀርም ነበር።

እሜቴን ያቃጠልካት አንተ አይደለህም። ይህችን መስመር ደግመህ አንብባት።

ጓርኒሲዮኗን ያስገቡት አባዬ ናቸው። አንተ ያን ዕለት ራዲያተሩን ልታሳጥብ ሄደህ ነበር። መብራት የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። መነጽራቸውን ቤት ረስተው መጥተው፣ ሮጥ ብዬ ላምጣልዎ ስላቸው "ይቺን በዳበሳም አስገባታለሁ" አሉኝ። ለሠላሳ ዓመት የሠሩት ሥራ ነው፤ እኔም አመንኳቸው። መብራቱን ትክክል አድርጌ ይዤ፣ ዓይኔን ግን ሌላ ቦታ ጥዬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተም አልረሳኸውም። ከሁለት የመንገድ ሰዎች ጋር እየገፋህ አመጣሃት፤ እንፋሎቱ ከኮፈኗ ሥር ይወጣል። አባዬ በደንበኞቹ ሁሉ ፊት "እጅህ እሳት ነው፤ የነካኸው ሁሉ ይነዳል። ከእንግዲህ መፍቻ ስትይዝ እንዳላይህ" አሉህ። አንተ እኮ ስትናደድ መፍቻ ትወረውር ነበር። ያን ቀን ግን አልወረወርክም፤ በጨርቅ ጠረግከው፣ ቦታው ላይ ሰቀልከውና ወጣህ። እኔ የፈራሁት ያኔ ነው። ፈርቼም ዝም አልኩ። "አንድ ጊዜ ከፍተን እንየው" ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ጓርኒሲዮኗን ካገኘሁ በኋላ ሦስት ወር ደበቅኋት። አሮጌዎቹ ከሚንጠለጠሉበት ሚስማር ላይ ከሌሎቹ መሃል ሰቀልኳት። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸው ይሰበራል ብዬ። የአንተ ልብ ተሰብሮ ጫማ መደብር ውስጥ መቀመጡን ዘለልኩት ማለት ነው። የእሳቸውን ልብ ለመጠበቅ ብዬ ሦስት ወር የአንተን ረሳሁት። ይህን ይቅር በለኝ።

ስለ ሥራው ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እንዲያውም ልጎርር ነው። ጎረቤታችን በያጁ መጀመሪያ ሲያይ "ለሙሽራ የወታደር ቦት ጫማ ልታጫሚያት ነው" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲሠራ ግን እጁ አይቀልድም። ሞተሩን ስናስገባው ኮፈኗ አራት ጣት ያህል አልዘጋም አለ። "ኮፈኑን እንቅደደዋ" አለኝ። እሜቴን ግንባሯን ልቅደዳት? የሞተሩን የዘይት ቋት ቆርጠን፣ በሌላ ቅርጽ በይደን፣ ሞተሩን ዝቅ አድርገን አስቀመጥነው። ክብደቱ አፍንጫዋን ወደ መሬት ሲደፋት የፒክአፗን የፊት ሞላዎች አምጥቼ ቀና አደረግኋት። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ ረዘመ፣ አሳጠርነው። የቤንዚን ጋኗን አውርጄ ሽታው እስኪጠፋ አጠብኩት። ኮፈኗ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ፋብሪካ የሠራው ይመስላል አልልህም፤ እኔ የሠራሁት ይመስላል፤ እሱም ይበቃል።

የማስነሻው ቀን እማዬ ወንበሯን ይዛ መጣች። በያጁም የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆመ። ቁልፉን አዞርኩ። እሜቴ አንዴ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ድግድግድግ ብላ ተነሳች። በያጁ አጨበጨበ። ትንሽ አሠራኋትና በኩራት ቁልፉን መለስኩት። ሞተሩ አልጠፋም። ነቀልኩት፤ አልጠፋም። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ እሜቴ ትሠራለች።

የቤንዚን ቤት ልጅ ስህተት የሚባለው ይሄ ነው። አባዬ የናፍጣ መኪና ከበር ይመልሱ ስለነበር እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሞተር ያጠፋሁት ቁልፍ አዙሬ ነው። የድሮ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ የለው፣ መብራት ብትነሳው ግድ የለው፤ ናፍጣ እስከደረሰው ይሠራል። ናፍጣውን የሚዘጋ የሚሳብ ገመድ አለው። ሁሉን አስሬ እሱን ረስቻለሁ። በያጁ "ባትሪውን ንቀዪው" አለ፤ ነቀልኩት፣ ምንም። ጋራዡ በጭስ ተሞላ። እማዬ ከወንበሯ ሳትነሳ "አንቺም ስትወለጂ እንዲሁ ነበርሽ፤ ማን አስቆመሽ" ትለኛለች።

በዚህ መሃል አባዬ በነጠላ ጫማ እያነከሱ ገቡ።

"ውረጂ" አሉኝ። ተቀመጡ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቁት። እሜቴ አንዴ ተንገጫግጫ ጸጥ አለች።

"የት ተማሩት?" አልኳቸው።

"ጋራዤ አላስገባም አልኩ እንጂ፣ አላውቅም መቼ አልኩ?"

መሪዋን ዳበስ አደረጉ። ሞተሩን ግን አላሞገሱትም፤ "ገመዱን እሰሪለት" ብቻ አሉ። ወርደው ሲዞሩ ዓይናቸው ሚስማሩ ላይ አረፈ። ከዚያ ሁሉ አሮጌ ጓርኒሲዮን መሃል አንዷን ብቻ አወረዱ። እስከዛሬ በመስኮት ሲያዩኝ ስሰቅላት አይተውኝ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

"ይቺ የእሜቴ ናት" አሉ።

"ናት።"

"ማን ነው ያስገባት?"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ውሸቱ አልመጣልኝም። "መብራት የያዝኩት እኔ ነበርኩ" አልኩ።

"መብራት የያዘውን አልጠየቅሁም።"

ወደ አሮጌው ሞተር ሄዱ። ጓርኒሲዮኗን አካሉ ላይ በትክክለኛው በኩል አስቀመጧት፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ ገጠመ። አዞሯት፤ ዝገቱ የተወው ምልክት በሙሉ ልክ መጣ። መለሷት። እንደገና አዞሯት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግሞ አዩ። ከዚያ ሞተሩ ላይ ተቀምጠው "ልጄን" አሉ። አባዬ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። በያጁ ሹልክ ብሎ ወጣ። እማዬ መጥታ ጎናቸው ተቀመጠች፤ አንድም ነገር አልተናገረችም፣ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን ታውቃለህ።

ሁለት ቀን እህል አልበላ አላቸው። በሦስተኛው ቀን መጡና "ጻፊለት" አሉኝ።

"ና ብዬ?"

"ና?" ብለው ተቆጡ። "እኔ በድዬ እሱ ይምጣ? የበደለ ነው የሚሄደው። በእሜቴ እሄዳለሁ፤ የምነዳውም እኔ ነኝ።"

ገመዱን አስሬላቸዋለሁ። በየጠዋቱ ሠፈሩን እየዞሩ ይለማመዳሉ። ጉልበታቸው ለፍሪሲዮን እምቢ ሲል በእጃቸው ጫን ያደርጉታል። በናፍጣ መሄድም አልከፋቸውም፤ ትናንት ለበያጁ "ጉልበት አላት" ሲሉት ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። መንገዱ የአምስት ሰዓት ነው። እሁድ እንሂድ፣ መንገዱ ጭር ይላል አልኳቸው።

"እሁድ መደብሩ ዝግ ነው" አሉ።

"ታዲያ ይሻላል፤ ከእሱ ጋር ለብቻ ትነጋገራላችሁ።"

"አይሆንም። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩት፣ ሰው ፊት ነው የምመልሰው። ሰው የሚበዛበትን ቀን ጠይቂ።"

ጠየቅሁ። የመደብርህ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው አሉኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ መደብሩ በሰው ሲሞላ፣ አንድ አንካሳ ሽማግሌ ገብቶ ጮክ ብሎ ስለ ሞተር ማውራት ይጀምራል። እንዳታስቆማቸው። እስኪጨርሱ ጠብቃቸው።

አባዬ ያዘዙኝ "ቀኑን ብቻ ጻፊ፤ የቀረውን በአፌ እነግረዋለሁ" ብለው ነበር። አልታዘዝኳቸውም። ይህን ነገር መጀመሪያ የምትሰማው ሰው ጫማ እያስለካህ መሃል መደብር ላይ እንዲሆን አልፈለግሁም። አሁን ለብቻህ አልቅስና ጨርስ፤ ቅዳሜ የእሳቸው ተራ ነው።

እህትህ፣
ናፍጣ